የአራሷ ድመት ስንቅ

በዚህ የቤተሰብ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ጤና አጠባበቅ በየሳምንቱ ስንወያይ ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ወደ ስንቅ መጋዘናችን ጎራ ብለን፣ ማዕረግና ደመወዝ ሳይኖራት ሌሊቱን በጥበቃ ስለምታሳልፍ አንዲት ድመት ልናወጋችሁ ወደናል። ነገሩ ቀላል መስሎ ቢታይም፣ በውስጡ ያለው ትምህርት ለወታደሩም ለባለቤቱም የሚበጅ ሆኖ አግኝተነዋል።

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን ባወጀችበት በሐምሌ 2003 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ተልእኮ ከተቋቋመ ወዲህ ኢትዮጵያውያን ሰላም አስከባሪዎች በዚያች ምድር አገልግለዋል። የጸጥታው ምክር ቤት በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በውሳኔ ቁጥር 2304 እስከ 4,000 ወታደሮች የሚኖሩት የአካባቢ ጥበቃ ኃይል እንዲሠማራ ከፈቀደ በኋላም፣ የእኛ ልጆች ከሩዋንዳ ወታደሮች ጎን በጁባ ቆመዋል። ጁባን የሚያውቅ ሁሉ ሙቀቷን ያውቃል። በየካቲትና በመጋቢት ቀትር ላይ ሙቀቱ 37 እና 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ሩዝና ዱቄት በተከመረበት መጋዘን ውስጥም የአይጥ ነገር የማያሳስበው የስንቅ ኃላፊ አይገኝም። አይጥ ሞቷን ስትሻ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ይባላል። ድመት በሌለበት መጋዘን ግን የምታሸተው የዱቄት ጆንያ ነው።

ስለዚህ ግራጫዋ ድመት ከአጥር ውጭ መጥታ በጆንያዎቹ መካከል በተቀመጠች ጊዜ ማንም አላባረራትም። የሰፈሩ አዛዥም ከመጋዘኑ እንዳትወጣ አስጠንቅቀው እንድትቆይ ፈቀዱ። ከሁለት ወር በኋላም ባዶ ካርቶን ውስጥ አራት ግልገሎች ወለደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወታደሩ ሁሉ «አራሷ» ይላት ጀመር።

ችግሩ የመጣው ከደግነት ነው። ምሳ የበላ ሁሉ የተረፈውን ወጥ ያመጣላታል። ሌላው የዱቄት ወተት በጥብጦ ያቀርብላታል። እኛም ብንሆን ይህን ባየን ጊዜ «መልካም ነው፣ አራስ ወተት ያስፈልጋታል» ብለን አድንቀን ተመልሰናል። ስሕተቱ የእኛም ነበርና አንሸሽገውም። በአሥረኛው ቀን ድመቲቱ ክፉኛ ተቅማጥ ያዛት። የጀርባዋ አጥንት እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ፤ ጎኗን የዳሰሰ ሁሉ የጎድን አጥንቶቿን አንድ በአንድ ይቆጥር ነበር። በወጥ ቤቱ ሚዛን ስትመዘን 2 ኪሎ ከ200 ግራም ሆነች። ግልገሎቿም ያለማቋረጥ ይጮኹ ጀመር። የጠገበ ግልገል ይተኛል፤ ሌት ተቀን የሚጮኽ ግልገል ግን የተራበ ወይም የበረደው ነው።

ያን ጊዜ ምክር በዛ። አንዱ «ሆዷ እንዲያርፍ ሁለት ቀን ትጹም» አለ። ሌላው ከኪሱ የራስ ምታት ክኒን አወጣ። መጋዘኑን የሚጠብቀው አንድ የአሥር አለቃ ግን ሁለቱንም አልተቀበለም። ባለቤቱ ባሕር ዳር ከተማ የመጀመሪያ ልጃቸውን ከወለደች ገና አሥራ ሁለት ቀን ነበር። የዚያን ዕለት ማታ በስልክ ሲያነጋግራት የራሷን ደኅንነት ከጠየቀ በኋላ የድመቲቱን ነገር አነሣባት። እርሷም ሣቀችና፦

«አንተ፣ አራስ እኮ ናት! በርበሬ የበዛበት የወታደር ወጥ ለአራስ ይሰጣል? እናቴ እኔን እንዴት አድርጋ እንደምታበላኝ ብታይ አትጠይቀኝም ነበር። በአንድ ጊዜ አይከመርባትም፤ ትንሽ ትንሽ እያደረግህ ቶሎ ቶሎ ነው። ደግሞም አራስ አትጾምም» አለችው።

በማግሥቱ በዚያው በስልክ አንድ የእንስሳት ሐኪም አገኘንና ነገሩን አማከርነው። ሐኪሙ የተማረው በቢሾፍቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በተቋቋመው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ነው። የሴቲቱን ምክር ሲሰማ «ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ የለም» ብሎ ቀሪውን አስረዳን። የነገረንን በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው የአራሷን የምግብ ፍላጎት ነው። ድመት 63 ወይም 65 ቀን ያህል አርግዛ ትወልዳለች። ወተቷ እጅግ የሚበዛው በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ሲሆን፣ በዚያ ወቅት በደኅናው ጊዜ ትበላ ከነበረው ሁለትና ሦስት እጥፍ ምግብ ያስፈልጋታል። ይህን ካላገኘች ወተቱን ከገዛ ሥጋዋ ቀንሳ ትሰጣለች። ተቅማጥ ሲጨመርበት ደግሞ የበላችው ሳይጠቅማት ይወጣል። አራሷ በዐሥር ቀን እንዲያ የከሳችው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው ነገር ድመት ሥጋ በል መሆኗ ነው። ሰውና ውሻ በእህል ሊኖሩ ይችላሉ፤ ድመት ግን ለልቧና ለዓይኗ የሚያስፈልጋት ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገር የሚገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው። እንጀራና ሩዝ ሆዷን ቢሞሉም አይገነቧትም። የከብት ወተትም ለአብዛኞቹ ዐዋቂ ድመቶች አይስማማም፤ በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር የሚፈጨው ቅመም ከግልገልነት በኋላ በሆዳቸው ውስጥ ስለሚያንስ ያስቀምጣቸዋል። ለአራስ የሚያስፈልገው ወተት ሳይሆን ንጹሕ ውኃ ነው። ወተቱን የምትሠራው ራሷ ናትና። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ጥሬም ሆኑ የበሰሉ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። እንግዲህ ያ ሁሉ የወጥ ትርፍ በርበሬው አንጀቷን፣ ሽንኩርቱም ደሟን ሲጎዳ ሰንብቷል ማለት ነው።

ሦስተኛው ስለ ጾምና ስለ ክኒን ነው። ሰው ሆዱ ሲታወክ አንድ ቀን ቢጾም ላይጎዳው ይችላል። ድመት ግን ሁለትና ሦስት ቀን ሳትበላ ከቆየች የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበቷ ይጎርፍና ጉበቷን ያሳምማል፤ ለሕይወቷም ያሰጋል። የሰው የራስ ምታት ክኒንማ ከዚህ የባሰ ነው። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፤ አንዲት ክኒን እንኳ ልትገድላት ትችላለች። የሰው የተቅማጥ ማቆሚያ ክኒንም ያለ እንስሳት ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም።

በሐኪሙ ምክር መሠረት አሥር አለቃው ሥራውን እንዲህ አደራጀ። ከወጥ ቤቱ ያለ ጨው፣ ያለ ቅመምና ያለ ዘይት የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ ይወስዳል። አጥንቱን አንድ ሳያስቀር ይለቅማል፤ የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋልና። ሥጋውን በጣቱ አድቅቆ ከመረቁ ጥቂት ጠብ ያደርግበትና ለብ እንዳለ በቀን ስድስት ጊዜ በትንሽ በትንሹ ያቀርብላታል። የዶሮ ሥጋ ባልተገኘ ቀን ከዓባይ የወጣ ዓሣ ተቀቅሎና እሾሁ ተለቅሞ ይሰጣታል። በአንዳንድ ጥሬ ዓሣዎች ውስጥ ቫይታሚን ቢ 1ን የሚያጠፋ ነገር ስላለ ዓሣውን ጥሬውን አይሰጣትም። ንጹሕ ውኃ የያዙ ሁለት ጣሳዎችን፣ አንዱን ከካርቶኑ አጠገብ፣ ሌላውን በጥላ ሥር አኖረ። በጁባ ሙቀት ተቅማጥ የያዘውን እንስሳ ፈጥኖ የሚገድለው የውኃ እጥረት ነው። በትከሻዋ ላይ ያለውን ቆዳ ቆንጥረው ሲለቁት ቶሎ ካልተመለሰ፣ ድዷም ደርቆ የሚጣበቅ ከሆነ፣ ውኃዋ አልቋልና ሐኪም ጋ መሄድ ግድ ነው።

ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ጋብ አለ። ይሁን እንጂ የተቀቀለ ዶሮ ብቻውን ለረጅም ጊዜ አይበቃም፤ በተለይ ካልሲየም ይጎድለዋል። ስለዚህ ከከተማ የተገዛ የግልገል ድመት ምግብ በሰባት ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ እየተቀላቀለ ዶሮውን እንዲተካ ተደረገ። ለግልገል የተዘጋጀው ምግብ ኃይልም ካልሲየምም ስለሚበዛበት ለአራስ እናትም የተመረጠ ነው። ሐኪሙ ባዘዘው መጠንም የሆድ ትል መድኃኒት ተሰጣት። የድመት ወስፋት ከእናት ወደ ግልገል በወተት ስለሚተላለፍ፣ እናትን ብቻ ወይም ግልገልን ብቻ ማከም ድካምን ከንቱ ያደርጋል።

ግልገሎቹም በየማለዳው ይመዘኑ ነበር። ግልገል ሲወለድ 100 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በየቀኑም ከ10 እስከ 15 ግራም ሊጨምር ይገባዋል። የእኛዎቹ በአሥር ቀናቸው 200 ግራም ገደማ መሆን ሲገባቸው ሦስቱ 160 አካባቢ፣ ትንሿ ግን 115 ነበረች። ለእርሷ የተደረገው ሁሉ ዘገየና በአራተኛው ቀን ሞተች። አሥር አለቃው ከአጥሩ ሥር፣ ከማንጎው ዛፍ አጠገብ ቀበራት። የቀሩት ሦስቱ ግን ከእናታቸው ጋር አብረው ማገገም ጀመሩ።

እዚህ ላይ ፈጽሞ ጊዜ የማይሰጡትን ምልክቶች እንዘርዝር። አራስ ድመት ከተንቀጠቀጠች፣ እግሯ ከተሳሰረ ወይም ከተንዘፈዘፈች የደሟ ካልሲየም አልቆ ሊሆን ይችላል፤ በሰዓታት ውስጥ ትሞታለች። ጡቷ ከጋለ፣ ከጠጠረና ከቀላ መግል ይዟል። ሰገራዋ ደም ካለበት፣ ደጋግማ ካስመለሰች ወይም አንድ ሙሉ ቀን ምግብ እምቢ ካለች የቤት ሕክምና አብቅቷል። በእነዚህ ሁሉ ጊዜ ሐኪም እንጂ ምክር አይፈለግም።

ለባለቤቶቻችንም አንድ አደራ አለን። ነፍሰ ጡር የሆነች እናት የድመት ዓይነ ምድር ባትጠርግ ይመረጣል። በውስጡ ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዓይን የማይታይ ተውሳክ ሊኖር ይችላል፤ ለፅንስም አደገኛ ነው። ተውሳኩ ወደ ሰው ለመተላለፍ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ስለሚፈጅበት፣ ሌላ ሰው በየቀኑ ቢጠርገውና እጁን በሳሙና ቢታጠብ አደጋው እጅግ ይቀንሳል። ልጆችም ድመት ከዳሰሱ በኋላ ሳይታጠቡ አይብሉ። ድመት የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ደግሞ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይመጣልና። ድመት ባለበት መጋዘንም የአይጥ መርዝ አይረጭ። የተመረዘች አይጥ የበላች ድመት አብራ ትመረዛለች።

«ወታደር ስለ ድመት ምን አገባው?» የሚል ቢኖር፣ እ.ኤ.አ. በ1949 በያንግሴ ወንዝ ላይ የተመታችውን አሜቲስት የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ እናስታውሰው። በመርከቢቱ የነበረው ሳይመን የሚባል ድመት በመድፍ ፍንጣሪ ቆስሎ ሳለ፣ ሲያገግም የመርከበኞቹን ስንቅ ከአይጥ በመጠበቁ በጦርነት ለሚያገለግሉ እንስሳት የሚሰጠውን የዲከን ሜዳይ ተሸልሟል። ይህን ሜዳይ ያገኘ ድመት እርሱ ብቻ ነው። በዚያው በደቡብ ሱዳን እንኳ፣ በማላካል የሰፈሩ የሕንድ ሰላም አስከባሪዎች የእንስሳት ሐኪሞቻቸውን ይዘው ሄደው የአካባቢውን ሕዝብ ከብቶች አክመዋል። ለእንስሳ መራራት ከወታደር ክብር የሚቀንሰው ነገር የለም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ መጋዘኑ ስንመለስ አራሷ 2 ኪሎ ከ700 ግራም ሆናለች። ጀርባዋ ሞልቷል፤ ጠጉሯም ያብለጨልጫል። ግልገሎቹ ከእናታቸው ሳህን እየቀመሱ በጆንያዎቹ ላይ ይዘላሉ። ስምንት ሳምንት ሲሞላቸው ጡት ይተዋሉ። ድመት እያጠባችም ልታረግዝ ስለምትችል፣ ከዚያ በኋላ እንድትመክን ሐኪሙ መክሯል፤ አዛዡም ተስማምተዋል።

አሥር አለቃውን በየሌሊቱ ከጥበቃ መልስ እንቅልፉን ትቶ ለምን እንደደከመላት ጠየቅነው። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ እንዲህ አለን፦ «ልጄን ገና አላየሁትም። እናቱ አራስ ቤት ሳለች አንድ ቀን እንኳ ከእጄ አልጎረሰችም፤ ያበላቻት እናቷ ናት። እዚህ ሆኜ ልረዳት የምችለው ነገር አልነበረም። የእርሷን ምክር ግን ሥራ ላይ ማዋል እችል ነበር። ማታ ማታ ስደውልላት መጀመሪያ ልጁ ስንት ኪሎ እንደሆነ ትነግረኛለች፤ እኔም ግልገሎቹ ስንት ግራም እንደሆኑ እነግራታለሁ።»

ትንሿ የሞተችበትን ዕለት ነግሯት እንደሆነም ጠየቅነው። «ነግሬአታለሁ» አለ። «ስልኩን ሳትዘጋ ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ‹የቀሩትን አብላቸው› አለችኝ።»

ሰዓቱ ደርሶ ነበርና ሳህኑን አንሥቶ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። እኛም ለሳምንት በዚሁ ዓምድ እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ እንላለን።