እሬት ሁሉ አሎ ቬራ አይደለም

«እሬት ማለት አሎ ቬራ ነው» የሚለው አባባል ከመዋቢያ ሱቅ ተነስቶ ዛሬ እንደ ሳይንስ እውነት ሲጠቀስ እንሰማለን። አንዳንዱም ጨምሮ «የቁልቋል ዘመድ ነው» ይላል። ሁለቱም ስህተት ናቸው። ሁለተኛው ቶሎ ይታረማል። የመጀመሪያው ግን ሥር የሰደደና ጉዳት ያለው በመሆኑ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል።

ቁልቋሉን እናስቀድም። ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈሳል፤ ከእሬት ቅጠል የሚወጣው ቢጫና መራራ ፈሳሽ ነው። ቁልቋል ባለ ሁለት ክክ፣ እሬት ባለ አንድ ክክ ነው። አንድ የእሬት አበባ ቀጥፎ በጥፍሩ ለሚሰነጥቅ ሰው ቁጥሩ ራሱ ይመሰክርለታል፦ ስድስት የአበባ ቅጠል፣ ስድስት ወንዴ፣ ሦስት ክፍል ያለው የዘር ቋት። በሦስት በሦስት የሚቆጠር እንዲህ ያለ አበባ እሬትን ከሽንኩርት ጋር እንጂ ከቁልቋል ጋር አያዛምደውም። ሁለቱን ያመሳሰላቸው ውሃ መቋጠራቸው ብቻ ነው። ድርቅ የማይዛመዱትንም አንድ ዓይነት ልብስ ያለብሳል።

የቤተሰብ ስሙ መለዋወጡ እውነት ነው። የቀደሙት ሊቃውንት እሬትን ከሊሊ ቤተሰብ ይቆጥሩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ 6ኛ ቅጽ ለብቻው ቤተሰብ ሰጠው። ዛሬ የዘረመል ማስረጃን ተከትሎ አስፎዴላሴ በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ ይመደባል። «እናንተው ካልተስማማችሁ እኛ አሎ ቬራ ብንለው ምን አለበት?» የሚሉን ሰዎች ግን አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ክርክሩ የነበረው ስለ ቤተሰቡ እንጂ ስለ ዝርያዎቹ መለያየት አይደለም። አሎ ቬራ አሎ ከሚባለውና ከ500 በላይ ዝርያ ካለው የእሬት ወገን አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የዘር ሐረግ ጥናትም መነሻውን ወደ ዐረብ ልሳነ ምድር ወስዶታል። ኢትዮጵያና ኤርትራ ደግሞ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች አሏቸው።

ታዲያ ሰው ለምን ይሳሳታል? ቅጠል ስለሚያይ ነው። የእሬት ቅጠል አታላይ ነው። ያው ተክል ጥላ ሲያገኝ ይለመልማል፤ ፀሐይና ውሃ ጥም ሲበረታበት ይቀላል። ገና ቡቃያ ሳለ ዝንጉርጉር የነበረው ሲያድግ ነጠብጣቡን ያጣል። የአሎ ቬራ ቡቃያም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አበባ ሳያዩ «ይህ እገሌ ነው» ማለት ድፍረት ነው። የአበባው ዘንግ ቅርንጫፍ አለው ወይስ የለውም? አበቦቹ ጫፍ ላይ ተጠጋግተዋል ወይስ ተራርቀዋል? ቱቦው ስንት ሚሊ ሜትር ይረዝማል? ውጪኞቹ የአበባ ቅጠሎች እስከ የት ድረስ ተጣብቀዋል? ዝርያ የሚለየው በዚህ ነው።

በደብረ ብርሃን የተሰየመውን አሎ ደብራናን እንውሰድ። ግንድ የለውም፤ ከመሬት ተጠግቶ ይዘረጋል፤ ሲያብብ ቀይ ነው። የአሎ ቬራ አበባ ግን ቢጫ ነው። ቀይ አበባ ከፊቱ ቆሞ «አሎ ቬራ» የሚል ሰው ዓይኑን ሳይሆን የሻምፖ ጠርሙሱን አምኗል ማለት ነው። በአንኮበር ገደሎች ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ሌላ ይጠብቀናል። ይህ አሎ አንኮበሬንሲስ ነው። ግንዱ ከዐለቱ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ጫፉ ላይ ያሉት ቅጠሎች ግን ብርሃን ፍለጋ ቀና ይላሉ። የዕፅዋት ሊቃውንቱ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ማይክል ጊልበርት ይህን ዝርያ ለሳይንስ ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከአንኮበር ቁልቁል የሚወርዱ መንገደኞች ለዘመናት ሲያዩት የኖሩት ተክል የሳይንስ ስም ያገኘው ትናንት ነው ማለት ይቻላል። ከመዘግየቱ ምክንያቶች አንዱ ቀላል ነው፤ ውሃ የቋጠረ ቅጠል በወረቀት መካከል ተጨምቆ በቀላሉ አይደርቅም። ካልተሰነጠቀና ሥጋው ካልተፋቀ ይበሰብሳል፤ አንዳንዴም በማድረቂያው ውስጥ ሆኖ ማደጉን ይቀጥላል። ስለዚህ ብዙ ሰብሳቢዎች እሬትን አልፈውት ይሄዱ ነበር።

«ገበሬውም ሁሉንም እሬት ይላል፤ የእናንተ ልዩነት ለማን ይጠቅማል?» የሚል ተቃውሞ አለ። የገበሬው አጠራር ላይ ቅሬታ የለኝም። እሬት የወገን ስም ነው፤ ወገኑንም በትክክል ይዟል። ልጇን ጡት ለማስጣል እሬት የምትቀባ እናት መራራ መሆኑን እንጂ የዝርያ ስሙን ማወቅ አያስፈልጋትም። ጥፋቱ ያለው የአንዱን ዝርያ ስም አንስቶ በሁሉም ላይ በመለጠፍ ነው። በአሎ ቬራ የቅጠል ሥጋ ላይ የተደረገ ምርምር የሚናገረው ስለ አሎ ቬራ ነው። የደጋውን እሬት ቆርጦ «ያው ነው» ብሎ መጠጣት ያልተመረመረን ነገር በተመረመረ ስም መዋጥ ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ሕጉ ነው። በዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ላይ የተደረገው ሳይተስ የተባለው ስምምነት የአሎ ወገንን በሁለተኛው አባሪ አስገብቶ ከድንበር ማዶ ንግዱን ይቆጣጠራል። ከዚህ ቁጥጥር በስም ተጠቅሶ የወጣው አሎ ቬራ ነው። እንግዲህ የአንኮበሩን ገደል እሬት በሰነድ ላይ «አሎ ቬራ» ብሎ የጻፈ ሰው በአንድ ቃል ጥበቃውን ገፈፈው ማለት ነው። የስም ስህተት ተክሉን ከገደሉ ነቅሎ እስከ መውሰድ የሚያደርሰው እንዲህ ነው።

ስለዚህ መምህራንን፣ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኞችንና የጤና ዓምድ ጸሐፊዎችን አንድ ነገር እለምናለሁ። ዝርያውን እስክታረጋግጡ ድረስ «እሬት» ብላችሁ ጻፉ፤ «አሎ ቬራ» የምትሉትም ቢጫ አበባውን ካያችሁና ከመለያ መጽሐፍ ጋር ካመሳከራችሁ በኋላ ይሁን።