ዕድሜ ማስጨመር ውለታ አይደለም

«ምን አለበት፣ ወረቀት እኮ ነው!» ይህን መስማት ሰልችቶኛል። በልደት ሰርተፊኬት ላይ ዕድሜ ማስጨመርና ማስቀነስ በአገራችን ውለታ ሆኗል። ለዐረብ አገር ይጨመራል፣ ለኳስ ይቀነሳል። አልመሰክርም ያለ ጎረቤት ክፉ ይባላል። የመሰከረውስ?

የሠፈሬ ሽማግሌ ናቸው፤ ጿሚ፣ የሰው ገንዘብ የማይነኩ። ለአንዲት ልጅ ዕድሜ ሊመሰክሩ ወረዳ ሊገቡ ሲሉ ወደ አባቷ ዞሩና «ስንት ዓመቷ እንበል?» አሉ። እንበል! ልጅቷ አጠገባቸው ቆማለች። የጠየቃት የለም።

አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው ግን ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። ከዚያ በፊት ከተወለድነው የአብዛኞቻችን ወረቀት የቆመው በሰው ቃል ነው። ታዲያ ቃሉ ሐሰት ሲሆን ምን ቀረን?

ማኅተም ካረፈበት በኋላ ወሬ መሆኑ ያበቃል። ማስረጃ ነው። ፓስፖርት ይወጣበታል፣ ጋብቻ ይፈጸምበታል። የቤተሰብ ሕጉ በመርሕ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ የለም ይላል፤ በወረቀት 18 የሞላትን የ14 ዓመት ልጅ በምን ያድናታል? የ15 ዓመቷ 23 ተብላ ቤይሩት ስትገባ ሕፃን ናት ብሎ ማን ይጮህላታል?

ከዚህም ይብሳል። በወንጀል ሕጋችን የደፋሪው ቅጣት በተጎጂዋ ዕድሜ ይለያያል። ጠበቃው ያንኑ ሰርተፊኬት መዞ ይነሣል፦ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ 19 ዓመቷ ነው።» እናት «አስጨምረን ነው» ብላ ብታለቅስ ማን ያምናታል? ያስመሰከረችው ራሷ ናት! ሐኪም አጥንቷን በራጅ አይቶ ይገምት ይሆናል። ግምት ግን ግምት ነው፤ ወዲህም ወዲያም ይላል፤ ተከሳሹም የሚፈልገው እሱን ነው።

«ድህነት ነው» ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። ድህነት ልጅን ከቤት ያስወጣል፤ የምትከስበትን ማስረጃ ከእጇ የምንነጥቃት ግን እኛ ነን። ስብሰባ ላይ «ያለዕድሜ ጋብቻ ይቁም!» ሲባል የሚያጨበጭበው፣ በማግስቱ ወረዳ ሄዶ የሚምለውም ያው ሰው ነው።

የምታውቁትን ልደት መስክሩ። የማታውቁትን ግን አባት ቢያኮርፍ፣ ዕድርተኛ ቢያማ፣ እምቢ በሉ። መዝጋቢውም ምስክሮቹን ለየብቻ አስገብቶ ይጠይቅ። የተለያየ ዓመት ከነገሩት እንዳይፈርም።