«ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ አትብላ» ስለሚባለው ደንብ

በያዝነው ዓመት በተማሪዎች መኝታ ቤት ውስጥ አንድ አዲስ ደንብ ሥር ሰድዷል። ያወጣው የዩኒቨርሲቲው ሴኔት አይደለም፤ የተማሪዎች ማኅበርም በጉባኤ ተነጋግሮ አልወሰነውም። ይሁን እንጂ ሴኔቱ ካወጣቸው ደንቦች ሁሉ ይልቅ ይኸኛው በትጋት ይጠበቃል። ቃሉም፦ «ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ እህል የቀመሰ ይወፍራል፤ መቅጠን የሚፈልግ እራቱን ይተው» የሚል ነው። ስለዚህ የእራት ሰዓት ሲደርስ አንዳንድ እህቶቻችን፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ አንዳንድ ወንድሞቻችንም፣ የምግብ ካርዳቸውን በኪሳቸው እንደያዙ በአዳራሹ በር አልፈው ወደ ቤተ መጻሕፍት ይሄዳሉ።

ማንም ሰው ሰውነቱን መቀነስ ቢሻ መብቱ ነው፤ እኛም በሰው ሆድ ላይ ዳኛ ለመሆን አልተነሣንም። ዳሩ ግን በሌላው ትምህርት ሁሉ «ማስረጃው የት አለ?» እያለ መምህሩን የሚያፋጥጥ ተማሪ፣ ስለ ገዛ ሆዱ ሲሆን ጊዜ ያለ አንዳች ጥያቄ መታዘዙ አስገርሞናል። የደንቡን እውነትነት ለመመርመር የተነሣሣነውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህን የምንጽፈው ከእጃጂና ከአካባቢዋ መጥተን እዚህ የምንማር ጥቂት ተማሪዎች ነን። እጃጂን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ በምዕራብ ሸዋ በኢሉ ገላን ወረዳ፣ ከአምቦ ተነሥቶ በጉደርና በጌዶ አልፎ ወደ ባኮና ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በእኛ አገር እራት በ12 ሰዓት አይበላም። ከብቱ ሳይገባ፣ ላሟ ሳትታለብ፣ እናትም ከጓዳ ሥራዋ ሳታርፍ ገበታ አይቀርብም። በአጨዳና በውቂያ ወራት ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ሲዘገይም 3 ሰዓት ይሆናል። የበቆሎ እሸት በደረሰ ጊዜ ደግሞ እራት ከተበላ በኋላ እንኳ ምድጃው ዙሪያ ተቀምጦ እሸት እየጠበሱ መጫወት የቆየ ልማዳችን ነው። ደንቡ እንደሚባለው እውነት ቢሆን ኖሮ የእጃጂ ገበሬ ሁሉ በጎጆው በር የማይገባ ወፍራም በሆነ ነበር። እኛ ግን የምናውቀው ገበሬ ከሲታ ነው። ቦርጭ ያየነው ይልቁንም በከተማው ውስጥ፣ ከወንበር ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅም ወደ ወንበር በሚመላለሰው፣ ቁርጡንና ቢራውንም ፀሐይ ሳትጠልቅ በሚያወራርደው ሰው ላይ ነው።

ይህ ብቻውን ማስረጃ ነው አንልም። ገበሬው ቀኑን ሙሉ ሲያርስና ሲያጭድ የሚውል ስለሆነ ቅጥነቱን ሥራው እንጂ የእራቱ ሰዓት አያስረዳም። ለመጠራጠር ግን ይበቃል።

የጾሙንም ነገር አንባቢ ያስበው። የኦርቶዶክስ ምእመን በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ወይም ከዚያም በላይ ቆይቶ ስለሚበላ፣ የቀኑ ምግብ ወደ ማምሻው ይገፋል። ሙስሊሙ ወንድማችን ደግሞ በረመዳን ከፀሐይ መጥለቅ እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ብቻ ይበላል። ስለ ረመዳን በልዩ ልዩ አገር የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ጾመኞቹ በወሩ ውስጥ በአማካይ ጥቂት እንደሚቀንሱ፣ ከጾሙ በኋላም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መልሰው እንደሚያገኙት ያሳያሉ። ሌሊት የተበላ እህል ሁሉ የግድ ስብ የሚሆን ቢሆን ኖሮ ይህ ባልታየ ነበር።

ለመሆኑ ሊቃውንቱ ምን አግኝተዋል? ነገሩን ስናነብ የጠበቅነውን ያህል ቀላል ሆኖ አላገኘነውም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. በእስፓኝ አገር 420 ሰዎች ለ20 ሳምንት ክብደት ለመቀነስ ሲታከሙ ተጠንተው ነበር። በዚያ አገር ዋናው ምግብ ምሳ ነው። ምሳቸውን ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ የበሉት ቀደም ብለው ከበሉት ያነሰ ቀነሱ፤ ተመራማሪዎቹ እንደ መዘገቡት ግን የሚበሉት መጠን ተቀራራቢ ነበር። በዚያው ዓመት በእስራኤል አገር 93 ወፍራም ሴቶች በቀን 1,400 ካሎሪ ብቻ እንዲበሉ ተደርጎ በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ትልቁን ምግብ በቁርስ፣ ግማሾቹ በእራት በሉ። ከ12 ሳምንት በኋላ ቁርስ ያበዙት በአማካይ 8.7 ኪሎ ሲቀንሱ፣ እራት ያበዙት 3.6 ኪሎ ብቻ ቀነሱ። እዚህ ላይ ያቆመ አንባቢ፣ ደንቡ ረታ ብሎ መጽሔቱን ሊያጥፍ ይችላል።

ነገር ግን በ2022 በስኮትላንድ በአበርዲን ከተማ 30 ሰዎች ምግባቸው ሁሉ ተመዝኖ እየተሰጣቸው ለ4 ሳምንት ጠዋት አብዝተው፣ ለሌላ 4 ሳምንት ማታ አብዝተው እንዲበሉ ተደረገ። የቀነሱት ክብደት በሁለቱም ጊዜ ከ3 ኪሎ በላይ ሆኖ ልዩነት አልተገኘበትም። ሰውነታቸው የሚያቃጥለውም ኀይል አልተለወጠም። በ2024 ደግሞ በአሜሪካ 41 ሰዎች ለ12 ሳምንት እኩል ካሎሪ እየተሰጣቸው፣ ግማሾቹ አብዛኛውን ምግብ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት፣ ግማሾቹ እንደ ልማዳቸው በሉ። እነርሱም እኩል ለእኩል ቀነሱ። እንግዲህ ምግቡ በሚዛን ተለክቶ ሲሰጥ ሰዓቱ ጉልበቱን ያጣል ማለት ነው።

የአበርዲኑ ጥናት ግን አንድ ሌላ ነገር አሳይቷል፤ ከሁሉ የሚጠቅመንም እርሱ ይመስለናል። ክብደታቸው እኩል ቢቀንስም፣ ጠዋት ባበዙበት ወራት ሰዎቹ በቀኑ ውስጥ የተሰማቸው ረኀብ ያነሰ ነበር። በዚያው በ2022 በቦስተን ከተማ 16 ሰዎች ምግባቸው ሁሉ በ4 ሰዓት ያህል እንዲዘገይ ተደርጎ ሲመረመሩ ረኀባቸው በረታ፤ ነቅተው ሳሉ ሰውነታቸው የሚያወጣውም ኀይል በ5 ከመቶ ገደማ ቀነሰ። የቦስተኑ ምርመራ የጥቂት ቀኖች ስለሆነ መወፈር አለመወፈራቸውን አይነግረንም። ይሁንና ሁለቱን አንድ ላይ አድርገን ስናየው ነገሩ ይገለጽልናል፦ ሰዓቱ ሰውን የሚያሸንፈው በአብዛኛው በረኀብ በኩል ነው። ምግቡን ሌላ ሰው መዝኖ ሲሰጠው ረኀቡ የሚጨምረው ነገር አያገኝም። ሰው ለራሱ ሲለቀቅ ግን ቀን የራበው ማታ አብዝቶ ይበላል፤ እራት የተወም እኩለ ሌሊት ሳይደርስ አንድ ነገር ይፈልጋል።

(በነገራችን ላይ ይህ ደንብ ከውጭ የመጣ ለመሆኑ ሰዓቱ ራሱ ይመሰክርበታል። ፈረንጆቹ «ከ6 ሰዓት በኋላ አትብላ» ይላሉ፤ የእነርሱ 6 ሰዓት የእኛ 12 ነው። አንድ የመኝታ ቤት ጓደኛችን ይህን እንዳለ ገልብጦ በግድግዳው ላይ ስለ ለጠፈው፣ በደንቡ መሠረት ምሳውንም ማጣት ነበረበት። እርሱ ግን ሳይሳሳት በምሳ ሰልፍ ላይ ቀድሞ ይገኛል።)

አሁን ወደ ራሳችን ግቢ እንመለስ። እራት የሚሰጠው ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሲሆን 1 ሰዓት ሳይሞላ በሩ ይዘጋል። አብዛኛው ተማሪ ግን የሚያጠናው እስከ ሌሊቱ 5 ወይም 6 ሰዓት ነው። በ11 ሰዓት ተኩል የበላ ሰው በ4 ሰዓት ቢርበው ምን ያስደንቃል? እራቱን ጨርሶ የተወውማ ይብሳል። ስለዚህ 4 ሰዓት ሲሆን ከግቢው በር አጠገብ ያሉትን ሻይ ቤቶች ሄዶ ማየት ነው። ቦንቦሊኖው፣ ሳምቡሳው፣ ሦስት አራት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ፣ ለስላሳው መጠጥ ያልቃል። እዚያ ከሚሰለፉት መካከል በ12 ሰዓት እራት አልበላም ብለው በኩራት ያለፉትን ብዙ ጊዜ አይተናቸዋል። ልንነቅፋቸው አይደለም፤ ረኀብ ነው። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው፦ አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ስታርች ወይም ስኳር 4 ይሰጣል። በዘይት ተጠብሶ የወጣ ቦንቦሊኖ ሁለቱንም በአንድነት የያዘ ነው። በአንድ ትንሽ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር ይገኛል፤ ይኸውም ለአንድ ሰዓት እንኳ ሆድ አይዝም። እንጀራው በሽሮ ወይም በምስር ወጥ የተበላ እንደ ሆነ ግን እስከ መኝታ ሰዓት ያደርሳል። እንግዲህ እራቱን ትቶ ሁለት ቦንቦሊኖ በለስላሳ የበላ ተማሪ፣ ገንዘቡንም እራቱንም አጥቶ ክብደቱን አልቀነሰም።

ስለ ማምሸት እውነተኛ የሆነ አንድ ክስ ግን አለ፤ እርሱንም መደበቅ አይገባንም። በልቶ ወዲያው የተኛ ሰው ጨጓራው ወደ ላይ እየመለሰ ደረቱን ያቃጥለዋል። ሐኪሞች ከእራት እስከ መኝታ ሁለት ሦስት ሰዓት እንዲቆይ የሚመክሩት ስለዚህ ነው። በአገራችን ለዚህ የሚታዘዘው አምቦ ውሃ ነው፤ እኛም የምዕራብ ሸዋ ልጆች ስለሆንን በአምቦ ውሃ ላይ ክፉ አንናገርም። ካሎሪ የለውምና አያወፍርም። ነገር ግን አንዳንዶች እንደሚያምኑት የበሉትን ስብ አያቀልጥም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ደንቡን የሚጠብቁት እነማን መሆናቸው ነው። በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በተደረገው የኢትዮጵያ የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች መካከል 22 ከመቶው ከመጠን በላይ ቀጭን ነበሩ። ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው 8 ከመቶ ነበሩ። በከተማ ውፍረት እየበዛ መምጣቱን አንክድም፤ ስኳርና የደም ብዛትም አብረው እየመጡ ነውና መቀነስ የሚገባው ይቀንስ። ነገር ግን መቀነስ የሚገባውን ለማወቅ መስተዋት አይበቃም። ክብደትን በኪሎ ወስዶ ቁመት በሜትር በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ማካፈል ነው። ውጤቱ ከ18.5 በታች የሆነ ቀጭን ይባላል፤ 25 የደረሰ ደግሞ ወፍራም ወደ መባል ይሄዳል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነች፣ 50 ኪሎ የምትመዝን እህት 19.5 ይወጣላታል። 4 ኪሎ ልቀንስ ብላ ቢሳካላት 18 ሆነች ማለት ነው፤ ይኸውም ከጤነኛው መስመር ወርዳ ከእነዚያ 22 ከመቶ ጋር ትቆጠራለች። እራታቸውን ትተው የሚያልፉትን ስናያቸው አብዛኞቹ እንደዚህች እህት ያሉ ናቸው። በእጃጂ ያሉት እናቶቻቸው ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ እናውቃለን፤ ግን ለመጽሔት የሚሆን ቃል አይደለም።

በእውነት መቀነስ ለሚገባው ሰው፣ ካነበብነው የምናወጣው ምክር ይህ ነው፦ ቁርስህን አትተው፤ ምሳህን በሰዓቱ ብላ፤ እራትህን በልክ አድርገህ ብላ፤ በ4 ሰዓት የሚመጣውን ስኳርና ዘይት ተው። በ12 ሰዓትና በ2 ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ለአዳራሹ ኮሚቴ ግን ሌላ ነገር አለን። እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት የሚያጠና ሰው በ11 ሰዓት ተኩል እራት እንዲበላ ማድረግ፣ ሁለተኛ እራት በሻይ ቤት እንዲበላ ማዘዝ ነው። የእራቱ ሰዓት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል ቢሆን የተማሪው ሆድም ኪሱም ባረፈ ነበር። ይህን ለአንዳንድ የኮሚቴው አባሎች ስንነግራቸው፣ የወጥ ቤት ሠራተኞቹ ሴቶች ስለሆኑ በጨለማ ወደ ቤታቸው መሄድ አይችሉም አሉን። እውነት ነው፤ የእነርሱ ደኅንነት ከእኛ ቦንቦሊኖ ይበልጣል። የዩኒቨርሲቲው መኪና ማታ ቆሞ ነው የሚያድረውና ወደ ቤታቸው ማድረስ ይችላል ብለን አሳስበናል፤ መልስ እየጠበቅን ነው። መኪናው እስኪገኝ ድረስ ግን ምንም ወጪ የማይጠይቅ ነገር አለ። በእራት ጊዜ የሚታደለውን ዳቦ ተማሪው በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ሲወጣ በሩ ላይ ይቀሙታል። ለ4 ሰዓት የሚሆነው ያ ዳቦ ነውና ይተዉለት።