ስለ መኪና ባትሪ መድከምና ስለ ማስጠንቀቂያ መብራቶች የቀረበ አሳብ

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚለው ያባቶች ቃል ለዳኝነት ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለመኪናም ይሠራል። ብዙ ምልክት በአንድ ጊዜ በታየ ጊዜ ብዙ ብልሽት አለ ብሎ መደንገጥ የሰው ልማድ ነው። ነገር ግን ልብ ብሎ ለሚመረምር ሰው የብዙው ምልክት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሆኖ ይገኛል።

በየወረዳው ለእርሻ ሥራ የተመደቡት መኪናዎች ዘርና ማዳበሪያ ያመላልሳሉ፤ የከብት ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዘው ወደ ገጠር ይወጣሉ፤ የእርሻ ባለሙያዎችንም ከገበሬው ደጅ ያደርሳሉ። ከነዚህ መኪናዎች አንዱ በሰኔ ወይም በሐምሌ ወር ቢቆም ጉዳቱ የመኪናው ብቻ አይደለም። ዘር የሚዘራበት ቀን ካለፈ በኋላ የደረሰ ዘር ለዚያ ዓመት እንዳልደረሰ ይቈጠራል፤ ክትባትም ቅዝቃዜው ከጠፋ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ የመኪና ነገር የነጂው ብቻ ሳይሆን የሹሙም ጉዳይ ነው።

መኪና የሚቆምበት አኳኋን ደግሞ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ወይም ነዳጅ እስኪመጣ ድረስ በግቢ ውስጥ ሦስትና አራት ሳምንት ሳይንቀሳቀስ ይቀመጣል። የመሄጃው ቀን ሲደርስ ነጂው ማለዳ ተነሥቶ ቁልፉን ቢያዞር ሞተሩ አይነሣም፤ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ መብራቱም ይደበዝዛል። ከሌላ መኪና ኤሌክትሪክ ተውሶ ሞተሩን ባስነሣ ጊዜ በፊቱ ባለው ሰሌዳ ላይ የሞተር፥ የፍሬን፥ የመሪና የኤር ባግ ምልክቶች ባንድነት ይበራሉ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም አንዱ ሌላውን እየተከተለ ይወጣል። ነጂው ደንግጦ «መኪናው ሁለንተናው ተበላሽቷል» ብሎ ያመለክታል፤ ሹሙም ደብዳቤ ይጽፋል፤ መኪናው ተጎትቶ ወደ ከተማ ይሄድና ተራ ይጠብቃል። ወሩ ያልፋል፤ የዘር ጊዜውም አብሮ ያልፋል። በመጨረሻ ሲመረመር ጥፋቱ የደከመ ባትሪ ወይም የላላ የባትሪ ማሰሪያ ብቻ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ይህ የሚሆንበትን ምክንያት ማወቅ የተገባ ነው፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው በችኰላ አይፈርድምና። መኪና በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሞተር የሚነሣው በእጅ በሚዞር ብረት ነበረ። በእርሳስና በአሲድ የሚሠራውን ባትሪ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1859 ዓ.ም. ፈልስፎት ነበር፤ አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ ግን በካዲላክ መኪና ላይ የገባው በ1912 ነው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን የባትሪ ሥራ ሞተር ማስነሣትና መብራት ማብራት ብቻ ነበረ። የዛሬው መኪና ግን በውስጡ ብዙ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች አሉት፤ አንዱ ሞተሩን፥ አንዱ ፍሬኑን፥ አንዱ መሪውን፥ አንዱ ኤር ባጉን ይጠብቃል። እርስ በርሳቸውም በሽቦ ይነጋገራሉ፤ ብዙ መኪና ሠሪዎች የተቀበሉትን የመነጋገሪያ ሥርዓት ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1986 ለዓለም አስታውቋል።

ባለ 12 ቮልት ባትሪ በውስጡ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ ሞልቶ ካረፈ በኋላ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ወደ 12.2 ሲወርድ እኩሌታው አልቋል፤ ከ12 በታች ሲሆን ባዶ ሊባል ይቻላል። ሞተሪኖው ሞተሩን ለማዞር በመቶ የሚቈጠር አምፔር በአንድ ጊዜ ይስባል። ባትሪው ደካማ እንደ ሆነ በዚያች ቅጽበት ቮልቱ ወደ 9 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ያን ጊዜ ከኮምፒዩተሮቹ አንዳንዶቹ ሥራቸውን ያቆማሉ፤ የቀሩት ደግሞ ጠርተው መልስ ሲያጡ ጓደኛቸው እንደ ጠፋ ይመዘግባሉ፤ የማስጠንቀቂያ መብራትም ያበራሉ። ፍሬኑ አልተሰበረም፤ ኤር ባጉም አልተበላሸም፤ ጠባቂዎቻቸው የሚበሉትን አጡ እንጂ። ጎተራ በጎደለ ጊዜ ቤተ ሰቡ ሁሉ ይጮኻል፤ ብልህ የሆነ የቤት ጌታ ግን እያንዳንዱን ልጅ ወደ ሐኪም ከመውሰዱ አስቀድሞ ጎተራውን ይመለከታል።

መኪና ቆሞም ቢሆን ከባትሪው ይበላል። ሰዓቱ፥ የሌባ መከላከያውና ኮምፒዩተሮቹ ተኝተው ሳሉ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይወስዳሉ። ይህ ፍጆታ 50 ሚሊ አምፔር ቢሆን በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ማለት ነው፤ የ60 አምፔር ሰዓት ባትሪ እኩሌታው በ25 ቀን ያልቃል። ባትሪም ባዶውን በቆየ መጠን በውስጡ ያለው እርሳስ እየጠጠረ ይሄዳል፤ ኋላ ቢሞሉትም እንደ ቀድሞው አይሆንም። ሙቀት ደግሞ ዕድሜውን ያሳጥራል፤ ስለዚህ በሁመራና በጋምቤላ የሚሠራ ባትሪ በደጋ አገር እንደሚሠራው አይቆይም። እንግዲህ መኪናን በግቢ አቁሞ መቈለፍ መኪናን መጠበቅ አይደለም።

ስለዚህ መብራቶች ባንድነት በበሩ ጊዜ የምርመራው ቅደም ተከተል እንዲህ ሊሆን ይገባል። በመጀመሪያ የባትሪው ጫፎችና ማሰሪያዎቹ ይታያሉ፤ ላልተው ወይም ነጭና አረንጓዴ ዝገት ይዘው እንደ ሆነ ይጸዳሉ፤ ይጠብቃሉ። ሁለተኛ መኪናው ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ባትሪው በቮልት መለኪያ ይለካል። ሦስተኛ ሞተሩ ሲነሣ ቮልቱ ምን ያህል እንደሚወርድ ይታያል፤ ከ10 እጅግ ዝቅ ቢል ባትሪው ደክሟል። አራተኛ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ይለካል፤ በአብዛኛው ከ13 ተኩል እስከ 14 ተኩል ካልደረሰ ጥፋቱ የባትሪው ሳይሆን የዲናሞው ሊሆን ይችላል፤ አዲስ ባትሪ ቢገዛም በጥቂት ቀን ይሞታል። ይህ ሁሉ ምርመራ አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ መሣሪያውም ዋጋው ትንሽ ነው።

ባትሪው ከተሞላ ወይም ከተለወጠ በኋላ ጥቂት መንገድ ሲኬድ ከመብራቶቹ ብዙዎቹ በገዛ ራሳቸው ይጠፋሉ። በአንዳንድ መኪናዎች መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፥ ቀጥሎም ወደ ቀኝ ማዞር ያስፈልጋል፤ ሰዓቱንና መስኮቱንም እንደገና ማስተካከል ይመጣል። ሞተሩን በቆመበት እያስነሡ ማጥፋት ግን ባትሪን አይሞላም፤ የሞተ ባትሪ በደንብ የሚሞላው በመሙያ መሣሪያ ለብዙ ሰዓት ሲቆይ ነው።

ከዚህ ጋራ ከድካሙ የሚብስ ጥፋት የሚያመጡ ሦስት ልማዶች አሉ። የመጀመሪያው ከጭነት መኪና ኤሌክትሪክ መዋስ ነው። ብዙ የጭነት መኪናዎች ባለ 24 ቮልት ናቸው፤ ይህን በ12 ቮልት መኪና ላይ ያገናኘ ሰው በርካሽ ባትሪ ፈንታ ውድ ኮምፒዩተሮችን ያቃጥላል። ሁለተኛው ዲናሞውን ለመፈተን ሞተሩ እየሠራ ሳለ የባትሪውን ገመድ መንቀል ነው። ይህ በጥንት መኪና ያለ ጉዳት ያለፈበት ጊዜ ነበር፤ በዛሬው መኪና ግን ቮልቱ በድንገት ዘልሎ ኮምፒዩተሮቹን ሊያበላሽ ይችላል። ሦስተኛው ገመድ ያለ ሥርዓት ማገናኘት ነው። ሥርዓቱም ይህ ነው፤ ቀዩ ገመድ በሞተው ባትሪ የመደመር ጫፍ፥ ሁለተኛው ራሱ በደኅናው ባትሪ የመደመር ጫፍ ይታሠራል፤ ጥቁሩ ገመድ በደኅናው ባትሪ የመቀነስ ጫፍ ይታሠርና የመጨረሻው ራሱ ከባትሪው ራቅ ባለ፥ ቀለም በሌለው የሞተር ብረት ላይ ይደረጋል። ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣልና የመጨረሻው ብልጭታ በአጠገቡ መሆን የለበትም። ሲፈቱም ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ኋላ ነው።

በዚህ ቃል ግን ማስጠንቀቂያ ሁሉ ከባትሪ ነው ብሎ የሚዘናጋ ሰው እንዳይገኝ። የሞተር ዘይት፥ የሙቀትና የፍሬን ቀይ መብራት እየነዱ ሳሉ ቢበራ መኪናውን ወዲያው ማቆም ግዴታ ነው። ባትሪው ደኅና ሆኖ፥ መንገድም ከተኬደ በኋላ ያልጠፋ መብራት እውነተኛ ጥፋት ሊሆን ይችላልና በመመርመሪያ መሣሪያ ይነበብ፤ የኤር ባግ ሽቦንም ያልተማረ ሰው አይንካው። አሳቡ ማስጠንቀቂያን መናቅ አይደለም፤ ከሥሩ መጀመር ነው።

እንግዲህ ከሹሙ የሚፈለገው ምንድን ነው? መካኒክ እንዲሆን አይደለም። ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ተጠያቂ ሰው ይመድብ፤ የባትሪው መግቢያ ቀንና በየወሩ የተለካው ቮልት በመዝገብ ይጻፍ፤ የቆመ መኪና በየሳምንቱ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይነዳ፤ ከወር በላይ የሚቆምም ከሆነ የመቀነሱ ጫፍ ይፈታ። ከዝናሙ ወራት አስቀድሞ በግንቦት የባትሪ ምርመራ ይደረግ፤ የደከመውም ያን ጊዜ ይለወጥ። ከሁሉ ይልቅ የባትሪ መግዣ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ በቅርብ ባለ ሹም ፈቃድ የሚወጣበት መንገድ ይዘጋጅ። የአንድ ባትሪ ግዢ ከጽሕፈት ቤት ወደ ጽሕፈት ቤት ሲዞር የከረመ እንደ ሆነ የመኪናውን ባትሪ የገደለው ነጂው ነው ማለት ፍርድ ማጓደል ነው።

የገዛ መኪናና ትራክተር ያላቸው ባለ እርሻዎችም ይህንኑ ቢያደርጉ ይጠቀማሉ። ደግሞም የሞተ ባትሪ ከየትም አይጣል። አሲዱ ሥጋንና አፈርን ያቃጥላል፤ እርሳሱም ውሃ ውስጥ ቢገባ ሰውንና ከብትን ይመርዛል፤ ይልቁንም የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ ሳይፈስና ሳይሰበር ወደ ሻጩ ወይም ወደ ሰብሳቢው ይመለስ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። በግንቦት የተለካ ባትሪ በሐምሌ ዘር ያደርሳል፤ በግንቦት የተረሳ ባትሪ ግን በሐምሌ የመብራት ብዛት አሳይቶ ሹሙን ያስደነግጣል፤ ገበሬውንም በማሳው ላይ ያስጠብቀዋል። ሰማዩን እያየ የሚጠብቀው ገበሬ መኪናው ለምን እንደ ቀረ አያውቅም፤ የሚያውቀው ዘሩ አለመድረሱን ብቻ ነው። ለርሱ መልስ መስጠት ያለበት መብራቱ ሳይሆን መኪናውን የተረከበው ሹም ነው።