ከተራራው ከወረድን በኋላ

ነሐሴ 13 ቀን የምናከብረው የደብረ ታቦር በዓል የተራራ በዓል ነው። ጌታችን ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ረጅም ተራራ ወጣ፤ በፊታቸውም ብርሃነ መለኮቱን ገለጠ። ጅራፍ በሚጮህበት፣ ሙልሙል በሚታደልበት በዚህ ሰሞን ስለ ተራራ ጉዞ ጥቂት መነጋገር ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ከአምቦ ወደ ወሊሶ የሚወስደውን መንገድ ቢይዝ ወንጪን ያገኛል። ወንጪ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የፈነዳበት፣ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ 300 ሜትር የሚያልፍ ተራራ ነው። እሳቱ በበረደበት ጉድጓድ ውስጥ ሐይቅ ተኝቷል፤ ከሐይቁ ደሴቶች በአንደኛው ላይም የቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ስፍራው በ2012 ዓ.ም. በተጀመረው የ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ታቅፏል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአጥቢያችን የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ጋር ወደዚያ ተጉዘን ነበር። ከጫፉ ስንደርስ ጉም ሁሉን ሸፍኖት ቆየ፤ ድንገት ሲገፈፍ ሐይቁ ከእግራችን ሥር ታየ። አንዲት ወጣት «ዲያቆን፣ እውነቱን ልንገርዎና የመጣሁት ይህን ለማየት ነው» አለችኝ። እኔም መንፈሳዊ ጉዞ ሽርሽር አይደለም ስል ገሠጽኋት። ዛሬ ሳስበው ተግሣጼ ትክክል አልነበረም። ቅዱስ ጴጥሮስም በተራራው ባየው ነገር ደስ ተሰኝቶ በዚያ መኖርን ተመኝቷል፤ መደሰቱ ግን ነውር አልተባለበትም። በፍጥረት መደነቅ ፈጣሪን የማመስገን መጀመሪያ ነው።

ነውሩ የሚመጣው በኋላ ነው። በወንጪ መንገደኛው አስቀድሞ ከጫፉ ሆኖ ሐይቁን ያያል፤ ቀጥሎ ቁልቁለቱን ይወርዳል፤ ዳገቱ የሚጠብቀው በመመለሻው ነው። ሲወርድ የዘመረው ሲመለስ ትንፋሽ ያጥረዋል። ያን ጊዜ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ እንኳ ይከብደውና ከቁጥቋጦ ሥር ይጥለዋል። በፈረስ የሚወጣውም ልጓም ይዞ ጭቃውን በእግሩ ከሚረግጠው ገበሬ ጋር ለጥቂት ብር ይከራከራል። ከእኛም መካከል እንዲህ ያደረጉ ነበሩ። ፈረስ የሚያከራዩ አንድ አዛውንት በአፋን ኦሮሞ «ልጄ፣ እናንተ ትሄዳላችሁ፤ ይህ ፕላስቲክ ግን ከከብቶቻችን ጋር ይቀራል» ያሉኝን አልረሳም። መልስ አልነበረኝም።

ሐዋርያትም በታቦር ተራራ እንዲቀሩ አልተፈቀደላቸውም። ሲወርዱ የታመመ ልጁን ይዞ የሚጠብቅ አባት ነበር። ከላይ የታየው ብርሃን ከሥር ላለው ሰው ካልተረፈ ምን ይረባል?

አንዳንዶች ቤተ ክርስቲያን ባለበት ስፍራ ጎብኚ ባይደርስ ይሻላል ይላሉ። ጩኸት የጸሎትን ቦታ ያውካልና ሥጋታቸው ይገባኛል። ሆኖም ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ቀን ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል ወደ ዝቋላ የሚወጣው ምእመንም ቆሻሻውን በተራራው ላይ ትቶ ከተመለሰ፣ ተሳላሚ መባሉ ብቻ ከወቀሳ አያድነውም። ጎብኚና ተሳላሚ የሚለዩት በስም ሳይሆን በአካሄዳቸው ነው።

ስለዚህ ከነቀምቴም ሆነ ከጊምቢ፣ ከሻምቡም ሆነ ከደምቢ ዶሎ ጉዞ የምታዘጋጁ ማኅበራት ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። የፈረሱን ዋጋ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ከተስማማችሁም በኋላ አትከራከሩ። ይዛችሁ የወጣችሁትን ይዛችሁ ተመለሱ። ወደ ቅዱስ ቂርቆስ ደሴት በጀልባ ስትሻገሩ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ያችንም ወጣት የመሰለች ልጅ በመካከላችሁ ብትኖር አትገሥጿት፤ ሐይቁን እስክትጠግብ ትየው።

መልካም የደብረ ታቦር በዓል ያድርግልን።