ጽንሱ ይቆይ እንደሆነ ደም ይናገራል?

በእርግዝናዋ ስድስተኛ ሳምንት ደም የታያት ሴት ሐኪሟን የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ጽንሱ ይቆይልኛል? በዚያ ጊዜ አልትራሳውንድ ቁርጡን ላያሳይ ይችላል። ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ቆይተሽ ተመለሺ ትባላለች፤ ያን ያህል መጠበቅ ደግሞ ከባድ ነው። የጽንሱን ዕጣ በደም ምርመራ እንተንብይ የሚሉ ደጋፊዎች የሚነሡት ከዚህ ጭንቀት ነው፤ እውነትም አላቸው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የብዙ ጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው፣ ደም ወይም ሕመም ኖሯት በአልትራሳውንድ ነገሩ ያልለየላት ሴት ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞኗ እጅግ ዝቅ ካለ ጽንሱ የመቀጠል ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። ኤችሲጂ የተባለው ሆርሞንም፣ መነሻው ከ1,500 በታች ሲሆን፣ በጤናማ እርግዝና በ48 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 49 በመቶ ይጨምራል ተብሎ ይጠበቃል። ከዚያ ያነሰ ጭማሪ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝናን ሊጠቁም ስለሚችል ምርመራው የእናትን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።

ተቃዋሚዎቹ ግን ከባድ ጥያቄ ያነሣሉ፦ ካወቅን በኋላ ምን እናደርጋለን? በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚወርዱት ጽንሶች ግማሽ ያህሉ የሚወርዱት በክሮሞሶም ጉድለት ነው፤ ይህን የሚመልስ መድኃኒት የለም። የፕሮጄስትሮን ማነስም ብዙ ጊዜ ጽንሱ መድከሙን የሚያሳይ እንጂ ያደከመው አይደለም። የእናትና የጽንስ ደም አለመጣጣም የሆነውን ሾተላይን እናስታውስ፤ በዚያ ለደም ዓይነት ምርመራ ዋጋ የሰጠው መከላከያ መርፌ መኖሩ ነው።

በብሪታንያ 4,153 ደም የታያቸው ሴቶች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጥናት ለዚህ ክርክር ብዙ ይናገራል። ፕሮጄስትሮን ከተሰጣቸው 75 በመቶ፣ ካልተሰጣቸው 72 በመቶ ወለዱ፤ ልዩነቱ አሳማኝ አልነበረም። ከዚያ በፊት ሦስትና ከዚያ በላይ ጽንስ በወረደባቸው ዘንድ ግን 72 በ57 ሆነ። እነዚህን ሴቶች የለያቸው የሆርሞን ልኬት ሳይሆን ታሪካቸውና የታያቸው ደም ነው። ሐኪም ቁጭ ብሎ ታሪክ መጠየቁ ከላቦራቶሪ የማያንስ ምርመራ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አላውቅም።

ስለዚህ ምንም ምልክት የሌላትን ነፍሰ ጡር ለትንበያ ብቻ ደሟን መመርመር ስጋት ከማብዛት በቀር የሚጠቅማት አይመስለኝም። ደም ለታያት ወይም ለሚያማት ግን ምርመራው ይገባታል፤ የአንድ ቀን ውጤት ብቻ ግን ፍርድ ሊሆን አይገባም።

እህቶቼ፣ በአንድ ወረቀት ተስፋ አትቁረጡ፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ደማችሁን ደግማችሁ አስመርምሩ፣ በአልትራሳውንድም አረጋግጡ። ኃይለኛ የሆድ ሕመም ወይም ራስን መሳት ካለ ግን ውጤት ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።