ስፒናው ተለወጠ እንጂ ቋንቋው አልተለወጠም

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ልጆች መጫወቻ መሆኑን ሲያዩ አንዳንድ አንባቢዎች ገጹን ይገለብጡ ይሆናል። ከዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይዞ የወጣ ሰው፥ ወይም ትናንት በቢሮ ወንበር ላይ የተቀመጠ ወጣት ሹም፥ ከአሮጌ መጫወቻ ጋር ምን ጉዳይ አለው? ነገሩ ግን ከመጫወቻነት ያለፈ ጥያቄ አለበት፤ ይኸውም በገንዘባችን የገዛነውን ዕቃ ከፍተን ለማየትና ለሚያሻን ሥራ ለማዋል ዕውቀቱም መብቱም አለን ወይስ የለንም የሚለው ነው።

መነሻው ይህ ነው። የአንድ ጓደኛዬ አጎት ከአሜሪካ ሲመለሱ ከጓዛቸው ጋር ሁለት የኒንቴንዶ ኩባንያ የጨዋታ መሣሪያዎች ይዘው መጡ። ቀዳሚው በጃፓን በ1983 ወጥቶ በ1985 አሜሪካ የገባው ነው፤ ተከታዩ ደግሞ ሱፐር የተባለው፥ በጃፓን በ1990፥ በአሜሪካ በ1991 ለገበያ የቀረበው ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር)። ቀዳሚው ከነመቆጣጠሪያው፥ የሠፈር ልጆች ጆይስቲክ ከሚሉት ጋር መጣ፤ ሱፐሩ ግን ባዶውን ነበር። ቤተ ሰቡም «መቆጣጠሪያ የሌለው ዕቃ ለምን ቦታ ይይዛል፥ ይጣል እንጂ» ብሎ ፈረደ። ጓደኛዬ የቀዳሚውን ጆይስቲክ አንሥቶ በሱፐሩ ላይ ሊሰካው ቢሞክር ስፒናው ከቀዳዳው ጋር አልገጥም አለ።

አብዛኛው ሰው ከዚህ ላይ ተስፋ ይቈርጣል። ስፒናው ካልገጠመ ዕቃው አይሆንም ማለት ነው ብሎ ይደመድማልና። የሁለቱን ስፒናዎች ውስጥ ለሚያውቅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሁለቱም ሰባት ሰባት መስመር አላቸው፤ ለተራው ጆይስቲክ ግን በሁለቱም ላይ የሚሠሩት አምስቱ ብቻ ናቸው፤ አምስቱም አንድ ዓይነት ሥራ አላቸው። አንዱ አምስት ቮልት ያመጣል፥ አንዱ መሬት ነው፥ የቀሩት ሦስቱ መልእክተኞች ናቸው። የተለወጠው የፕላስቲኩ ቅርጽ ብቻ ነው። (አንድን ቅጽ ሁለት መሥሪያ ቤቶች በተለያየ መጠን ወረቀት አሳትመው፥ አንደኛው የሌላውን አልቀበልም ሲል ያየ ወጣት ሹም ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።)

በጆይስቲኩ ሆድ ውስጥ ያለው ነገር ከሚገመተው በላይ ቀላል ነው። ከቁልፎቹ ሥር የጎማ ንጣፍ አለ፤ ከዚያ በታች 4021 የሚባል አንድ ቺፕ ተቀምጧል። ይህ ቺፕ ኒንቴንዶ በምስጢር የሠራው አይደለም፤ ለማንም የሚሸጥ ተራ ዕቃ ነው። መሣሪያው በሴኮንድ ወደ 60 ጊዜ ያህል በአንደኛው መልእክተኛ ሽቦ «ያዝ!» ብሎ ያዝዛል። ቺፑ በዚያች ቅጽበት ስምንቱ ቁልፎች ያሉበትን ሁኔታ ይይዛል። ከዚያ በሁለተኛው ሽቦ «ቀጥል፥ ቀጥል» እየተባለ በተመታ ቍጥር፥ በሦስተኛው ሽቦ የአንዳንዱን ቁልፍ ነገር በተራ ያስረዳል። ያልተነካ ቁልፍ በአምስት ቮልት፥ የተጫነ ቁልፍ በዜሮ ይነገራል። ሱፐሩም የሚናገረው ይህንኑ ቋንቋ ነው፤ ልዩነቱ ስምንት ጊዜ በመጠየቅ ፈንታ ዐሥራ ስድስት ጊዜ መጠየቁ ነው፤ የእርሱ ጆይስቲክ ዐሥራ ሁለት ቁልፎች አሉትና።

እንግዲህ ሥራው አምስት ሽቦዎችን ከአምስት ሽቦዎች ጋር ማገናኘት ሆነ። ጓደኛዬ መቀስ ሲያነሣ እኔ ተከላከልሁ። የደኅናን ዕቃ ገመድ መቍረጥ ብልሃት አይደለም፤ በአንድ ወገን የቀዳሚውን ሶኬት፥ በሌላው ወገን የሱፐሩን ስፒና ያዘለ አጭር መሸጋገሪያ ቢሠራ ጆይስቲኩ ወደ ቀድሞ ቤቱም ሊመለስ ይችላል። በሽቦ ቀለም መተማመንም አይገባም፤ ቀለሙ እንደ ፋብሪካው ይለያያልና እያንዳንዱን በቴስተር መለካት ያሻል። ይህን ሁሉ አድርገን፥ በየዳውንም ጨርሰን፥ ከ220 ወደ 110 በሚያወርደው ትራንስፎርመር መሣሪያውን አስነሣን።

አልሠራም ማለት አይቻልም። ቁልፎቹ ይታዘዛሉ፤ ነገር ግን ጨዋታው ማንም ያላዘዘውን ሥራ እየጨመረ ይሠራል። በየዳው ተነካክቶ ይሆናል ብለን ሁለት ጊዜ ፈትተን በየድን፤ አንድ ሰንበት እንዲሁ አለፈ። በኋላ ወረቀት አውጥተን ብናሰላ ጥፋቱ የእጃችን አልነበረም። ሱፐሩ ከስምንቱ ቁልፎች በኋላ ገና ስለ ሌሎች አራት ቁልፎች ይጠይቃል። ቀዳሚው ጆይስቲክ ግን የሚለው ስላለቀበት፥ የቺፑም ትርፍ መግቢያ ከመሬት ጋር ስለ ታሰረ፥ ዜሮ፥ ዜሮ፥ ዜሮ እያለ ይመልሳል። በዚህ ቋንቋ ደግሞ ዜሮ ማለት «ተጭኛለሁ» ማለት ነው። በሌሉ ቁልፎች ስም ዝምታው እንደ እሺታ ተቈጠረ። ጓደኛዬ ጆይስቲኩን በካቻቪቴ ከፍቶ የቺፑን 11ኛ እግር ከመሬት አላቅቆ ከአምስት ቮልቱ ጋር ሲያገናኘው ነገሩ ሁሉ ረጋ።

ሁሉም እንዲህ ይቀላል ማለቴ ግን አይደለም። የዚሁ ኩባንያ ኒንቴንዶ 64 የሚሠራው በ3.3 ቮልት ነው፤ ወሬውንም ሁሉ በአንድ ሽቦ ያመላልሳል። ከእርሱ ጋር አሮጌ ጆይስቲክ ለማገናኘት ሽቦ ብቻ አይበቃም፤ በመካከል እንደ አርዱዊኖ ያለ አነስተኛ ኮምፒዩተር አስተርጓሚ ሆኖ መቆም አለበት። ይህም ቢሆን በትጋት የሚቻል ነው። በትጋት ብቻ የማይቻለው ሌላ ነው። በ2005 የወጣው የማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ 360 ከጆይስቲኩ የምስጢር ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ ማረጋገጫውን ያላቀረበ ቋንቋውን ቢያውቅም አይሰማም። ለኩባንያው የሚሟገት ሰው፥ ጥራት የሌለው ዕቃና ማጭበርበር እንዳይገባ ነው ሊል ይችላል። ከፊሉ እውነት ይሆናል። ይሁን እንጂ ዕቃውን ከፍሎ የወሰደ ሰው በገዛ ቤቱ ምን እንደሚሰካ ሻጩ የሚወስንበትን አሠራር እኛ ደግ ነው አንልም።

ይህ የጨዋታ ወዳጆች ቅብጠት ብቻ መስሎ ለሚታየው አንድ ነገር እናስታውሰው። አንድ እጅ ብቻ ያለው፥ ወይም ጣቶቹ የማይታዘዙለት ሰው፥ ለሁለት ጤነኛ እጆች በተሠራ ጆይስቲክ ሊጫወት አይችልም። ለእንደዚህ ያሉ ሰዎች ባለሙያዎችና ዘመዶች የተሠራውን እየፈቱ፥ ትልልቅ ቁልፎችን በክርን ወይም በእግር በሚነኩበት ቦታ እየተከሉ ሲረዱ ኖረዋል። ያው በሩን የዘጋው ማይክሮሶፍት በ2018 ለአካል ጉዳተኞች ያወጣው ሰሌዳ 19 ተራ የ3.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎች አሉት፤ ማንም የፈለገውን ቁልፍ ሠርቶ ይሰካበታል። መክፈቱ የሚቻል ነገር ኖሯል።

ወደ ጓደኛዬ ቤት ልመለስና፥ አጎቱ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከሱፐሩ ፊት ይቀመጣሉ። ዐሥራ ሁለቱንም ቁልፎች የሚሹ ጨዋታዎች ግን በስምንቱ አይጨረሱም። «ጋሼ፥ የቀሩትን አራት ቁልፎችስ ምን እናድርግ?» ቢላቸው፥ «የከፈትኸው አንተ አይደለህ? ጨምርበት» አሉት። አሁን ከመርካቶ አራት ቁልፎችና አንድ ሌላ 4021 ቺፕ እየፈለገ ነው።